ባክቴሪያውን ሳይገድሉ በሽተኛውን መርዳት፦ ማክሮላይዶችና የሳንባ ብግነት

ዲፊዩዝ ፓንብሮንኪዮላይቲስ በጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1969 ተለይቶ የተገለጸ፣ ትናንሽ የአየር ቧንቧዎችን የሚያጠቃ ሥር የሰደደ ብግነት ነው። ሕመምተኛው አክታ ሲያወጣ ይከርማል፤ ውሎ አድሮም ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ሳንባው ውስጥ ይሰፍራል። በ1970ዎቹ በሽታው ከታወቀባቸው ሰዎች 5 ዓመት በሕይወት የቆዩት 63 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሐኪሙ ሾጂ ኩዶና ባልደረቦቻቸው ኤሪትሮማይሲንን በአነስተኛ መጠን፣ በቀን ከ400 እስከ 600 ሚሊግራም፣ ለረጅም ጊዜ መስጠት ከጀመሩ ወዲህ፣ ከ1985 በኋላ በታወቀባቸው ሕሙማን ዘንድ ይኸው ቁጥር 91 በመቶ ደረሰ።

ግራ የሚያጋባው ኤሪትሮማይሲን በዚህ መጠን ሱዶሞናስን የማይገድል መሆኑ ነው። አክታቸው ውስጥ ባክቴሪያው እንዳለ የነበረባቸው ሰዎችም ተሽሏቸዋል። ማብራሪያው የተገኘው በሕመምተኛው የመከላከያ ሥርዓት ውስጥ ነው። ኤሪትሮማይሲን የሚመደብባቸው ማክሮላይድ የተባሉ አንቲባዮቲኮች ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን የብግነት መቀስቀሻ ያዳክማሉ፤ ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሳንባ የሚጠራው ኢንተርሉኪን 8 ይቀንሳል፤ አክታም ይቀንሳል። ባክቴሪያውም ቢሆን ሳይሞት ይዳከማል፤ እርስ በርስ የሚግባባበትና ባዮፊልም የተባለውን መከላከያ ሽፋን የሚሠራበት ዘዴ ይታወካል።

የሳንባ ጉዳትን በተመለከተ ብዙ የሚያስተምረው ብሊዮማይሲን በተሰጣቸው አይጦች ላይ የተደረገው የጃፓን ሙከራ ይመስለኛል። ብሊዮማይሲን የካንሰር መድኃኒት ቢሆንም ሳንባን አቁስሎ ጠባሳ ያስከትላል። ሞለኪውላቸው ባለ 14 አባል ቀለበት የሆኑት ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን አስቀድመው ሲሰጡ የኒውትሮፊሎችን ጎርፍም ጠባሳውንም ቀንሰዋል፤ ባለ 16 አባል ቀለበቱ ጆሳማይሲን ግን አልረዳም። ጉዳቱ ከደረሰ ከሳምንት በኋላ ሲጀመሩም ጥቅማቸው አልታየም። ሁሉም ማክሮላይድ አንድ አይደለም፤ ጊዜውም ወሳኝ ነው።

በሰዎች ላይ የተገኘው ማስረጃም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሥር የሰደደ የሳንባ መዘጋት ላለባቸው 1,142 ሰዎች አዚትሮማይሲን ወይም ማስመሰያ ክኒን ለአንድ ዓመት ሰጥቶ፣ የሕመሙ መባባስ በአንድ ሰው በዓመት ከ1.83 ወደ 1.48 ዝቅ ማለቱን አሳይቷል፤ የመስማት ችሎታ መቀነስ ግን በመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች ላይ በዛ ብሎ ታይቷል። በኮቪድ ወቅት ሐኪም ቤቱም መድኃኒት ቤቱም አዚትሮማይሲንን ሲሻማ፣ የብሪታንያው ሪከቨሪ ጥናት ከ7,700 በላይ የሆስፒታል ሕሙማንን አወዳድሮ ሞት መድኃኒቱን በወሰዱትም ባልወሰዱትም ዘንድ 22 በመቶ መሆኑን አገኘ። በአንጻሩ በ2024 የታተመ የግሪክ ጥናት ብግነታቸው ከፍ ላለ የሳንባ ምች ሕሙማን ክላሪትሮማይሲን ሲታከል የተሻለ ውጤት አሳይቷል። እዚህ ላይ ግን ባክቴሪያ መግደሉና ብግነት ማብረዱ ተለያይተው አልታዩም፤ ስለዚህ የብግነት ማብረድ ማረጋገጫ አድርጎ መጥቀስ ችኮላ ይሆናል።

ለእኛ አገር አንባቢ የሚበልጠው ጉዳይ ዋጋው ነው። ማክሮላይድን ብግነት ለማብረድ ብለን ብንሰጠውም አንቲባዮቲክነቱን አይተውም። በአማራ ክልል ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ትራኮማን ለመከላከል ለሕፃናት አዚትሮማይሲን በየሦስት ወሩ በታደለባቸው ቀበሌዎች፣ በአፍንጫና ጉሮሮ የሚገኘው መድኃኒት ተቋቋሚ ኒሞኮከስ ስርጭት በአንድ ዓመት ከ3.6 ወደ 46.9 በመቶ አሻቀበ። እርግጥ ነው፣ በዚያው ጥናት የሕፃናት ሞት መቀነሱም ታይቷል፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም። የሳንባ ሕመምተኛን ለወራት በዚህ መድኃኒት ከማቆየት በፊት ግን አክታው ለቲቢና ለዘመዶቹ ማይኮባክቴሪያዎች፣ ልቡም በኢሲጂ መታየት አለበት። እነዚህ የቲቢ ዘመድ ማይኮባክቴሪያዎች ባሉበት ማክሮላይድን ብቻውን መስጠት ዋነኛ መድኃኒታቸውን ማበላሸት ነው።

መውጫው ምናልባት በጃፓኑ ኪታሳቶ ተቋም የተሠራው ኢኤም 703 ያመለከተው አቅጣጫ ነው። ይህ የኤሪትሮማይሲን ተዋጽኦ ባክቴሪያ የመግደል ኃይሉ የተወሰደበት ቢሆንም፣ በብሊዮማይሲን በተጎዱ አይጦች ሳንባ ላይ ጠባሳን ቀንሷል። ሁለቱ ባሕርያት በኬሚስትሪ ሊነጠሉ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ማስረጃ አላውቅም።