ከደጀን ገደል በታች፦ ስለ ባለ ሳንባ ዓሣና ስለ ድንጋይ ጥርሶቹ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ ደጀንን እንዳለፈ የዓባይን በረሓ ቁልቁል ይያያዘዋል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ መኪናው ፍሬንና ስለ ሾፌሩ ትዕግሥት እንጂ በግራና በቀኝ ስለ ተቈረጠው ድንጋይ አይደለም። ይሁን እንጂ ገደሉ ለሚያነበው ሰው ከላይ ወደ ታች የተጻፈ መዝገብ ነው። ከላይ ያለው ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቶ የተነጠፈ ሲሆን፣ ደብረ ማርቆስም የተቈረቈረችው በዚሁ እሳተ ገሞራ በወለደው መሬት ላይ ነው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ባሕር ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ፣ በመጨረሻም ሌላ አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የኖራውን ድንጋይ በአንታሎ ስም የጠራው በ1868 እ.ኤ.አ. ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው የጂኦሎጂ ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ ነበር፤ ጂፕሰም ያለበትን ንጣፍ ደግሞ በ1981 እ.ኤ.አ. ጌታነህ አሰፋ በጎሐ ጽዮን ስም ለይተው አስታውቀዋል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በኖራው ድንጋይና በባዛልቱ መካከል ያለው ንጣፍ ነው። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ አገሩ የወንዝና የረግረግ ምድር ሆነ፤ በዚያም ውኃ ውስጥ ባለ ሳንባ ዓሣ ይኖር ነበር። ይህ ፍጡር ስንጥብም ሳንባም ያለው ሲሆን፣ የአፍሪካው ዘመዱ ዛሬም ውኃው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ዝናብ እስኪመጣ ይቈያል። በላቲን ስሙ «ኢትዮጵያዊ» የተባለ ዝርያ እንኳ አለው። ስሙን ሄክል የተባለው ሊቅ በ1851 እ.ኤ.አ. የሰጠው ግን ከነጭ ዓባይ ለተገኘ ዓሣ ነው፤ በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት ኢትዮጵያ ሲሉ ሰፊውን የጥቁር ሕዝብ ምድር ማለታቸው ነበርና በስሙ ብዙ አንኰራም።

የባለ ሳንባ ዓሣ ታሪክ ከጥርሱ የጀመረ ታሪክ ነው። ሉዊ አጋሲ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሴራቶዱስ፣ ማለትም ቀንዳም ጥርስ፣ ብሎ ስም ሲሰጠው በእጁ የነበረው ጥርስ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱንም ከሻርክ ወገን ቈጠረው። በአውስትራልያ ደግሞ ዊልያም ፎርስተር የተባለ ባለ ርስት በበርኔት ወንዝ አጥንቱ ለስላሳ የሆነ እንግዳ ዓሣ አለ እያለ ለሲድኒ ሙዚየም ኃላፊ ለጌራርድ ክሬፍት ይነግረው ነበር። ክሬፍት አላመነውም። በ1870 እ.ኤ.አ. ዓሣው ራሱ ተይዞ ሲቀርብለት አፉን ከፍቶ ተመለከተ፤ ጠፍተዋል የተባሉት ቀንዳም ጥርሶች በሕይወት ባለ ፍጡር አፍ ውስጥ ተሰድረው አገኛቸው። ዓሣውንም በፎርስተር ስም ሰየመው፤ ዘግይቶ የቀረበ ይቅርታ መሆኑ ነው።

ጥርሱ ብቻ ለምን ቀረ ቢባል፣ የዓሣው አፅም አብዛኛው ልም አጥንት ስለ ሆነ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን እንደ ተዘረጋ የእጅ ጣት ሸንተረር ያለው ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ሻርክ ጥርሱን እየጣለ ሌላ ያበቅላል፤ ባለ ሳንባ ዓሣ ግን ያንኑ ሰሌዳ እስኪሞት ድረስ እያሳደገ ይኖራል። ስለዚህ ትልቅ ጥርስ የትልቅ ዓሣ ምስክር ነው። በአሜሪካ በነብራስካ የተገኘ አንድ ሰሌዳ ወርዱ 11.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ኬንሹ ሺማዳና ጄምስ ኪርክላንድ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ባለቤቱ ዓሣ 4 ሜትር ያህል እንደ ነበረ ገምተዋል። ነገር ግን ይህ ግዙፍ ጥርስ ከተፈጠረበት ንጣፍ ተነቅሎ የተገኘ በመሆኑ ዘመኑን በትክክል መወሰን አልተቻለም። ትልቅነቱ ታወቀ፤ አገሩና ዘመኑ ግን ተድበስብሶ ቀረ።

በእኛ በኩል የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከዓባይ ማዶ፣ በሰሜን ሸዋ፣ የዓባይ ገባር በሆነው በጀማ ሸለቆ ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ የሰበሰቡት ቅሪት በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። በሙገር ስም በሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ ከተገኙት መካከል የባለ ሳንባ ዓሣ ጥርሶች ነበሩ፤ የቅርብ ዘመዳቸውም በኒጀር፣ በቲጊዲ አካባቢ የታወቀው ዝርያ ነው። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ቅሪት የሚለቀመው ጭቃውን በውኃ አርሶ፣ በወንፊት አጥቦ፣ የቀረውን ኰረት በአጕሊ መነጽር አንድ በአንድ በማየት ነው፤ ጤፍ ከማንጠር የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥርሶቹ ከንጣፋቸው ጋር ስለ ተያዙና በዚያው ድንጋይ ውስጥ የጥንት የአበባ ዱቄትና የዘር ብናኝ ስለ ተገኘ፣ ዘመኑ የጁራሲክ መጨረሻ፣ ማለትም 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ መሆኑ ታወቀ። ከዚሁ ድንጋይ በ2007 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጁራሲክ አጥቢ እንስሳ፣ በ2011 ደግሞ የልዩ ልዩ ዳይኖሶሮች ጥርሶች ተገልጸዋል። በእኔ ግምት ከነብራስካው ግዙፍ ሰሌዳ ይልቅ እነዚህ ትናንሽ ጥርሶች ብዙ ተናግረዋል።

ያ ንጣፍ ወንዙን ፈርቶ ማዶ አልቀረም። በጎጃም በኩልም ከባዛልቱ ሥር ይወጣል፤ መንገድ ሲቈረጥና ድንጋይ ሲፈለጥም ይገለጣል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ሁሉ ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ ያዛል። ጭቃ ድንጋይ ውስጥ ያለ ጥርስ ግን ቅርስ መስሎ አይታይም፤ የሚታየው ትልቁ ብቻ ነው፤ እርሱም በእረኛ ወይም በሠራተኛ ኪስ ገብቶ ከቦታው ይለያል።

እኔም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። መምህር በነበርሁበት ዘመን አንድ ተማሪ የሚያብረቀርቅ፣ ሸንተረር ያለው፣ የአውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አምጥቶ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ በመማሪያ ክፍሉ ሣጥን ውስጥ ከቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ጋር አስቀመጥሁት። ከዓመታት በኋላ የጀማውን ጥርሶች ሥዕል ባየሁ ጊዜ ያ ድንጋይ ትዝ አለኝና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ፤ ክፍሉ ታድሶ፣ ሣጥኑም ተነሥቶ ነበር። ጥርስ ይሁን ተራ ድንጋይ ዛሬ ማረጋገጥ የሚችል የለም። ልጁ ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር ያመጣው፤ ከየት እንዳገኘው ግን አልጠየቅሁትም።