በሐድያና በከምባታ የጧፍ አሠራር፤ ከጀማሪ ሙከራ የተነሣ የታሪክ ማስታወሻ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሐድያና በከምባታ ምድር፣ ይልቁንም በሆሳዕና ከተማ፣ ጧፍ በቤት ውስጥ የሚሠራበትን ዘዴ ገልጾ፣ ዘዴው ስለ አገሩ ታሪክ የሚያስረዳንን ነገር ማመልከት ነው። ጧፍ ሁሉም የሚያውቀው ዕቃ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። ሰሙ ከማን ቤት ወጣ? ወደ ማንስ ቤት ገባ? ብለን ስንጠይቅ ግን የግብር፣ የሃይማኖትና የከተማ ምሥረታ ታሪክ ተከትሎ ይመጣል።

መልሱን ከመጻሕፍት ብቻ መፈለግ በቂ ሆኖ ስላላገኘነው፣ ሥራውን እንደ ማንኛውም ጀማሪ በቤት ውስጥ ሞከርነው። መነሻችን ከጠጅ ጋን ላይ የተለቀመ ሰፈፍ ነበር። ሰፈፉን በስስ ጨርቅ ቋጥረን ውኃ በያዘ ድስት ቀቀልነው። ሰሙ ቀልጦ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ጉድፉ በጨርቁ ውስጥ ቀረ። ድስቱ አድሮ ሲቀዘቅዝ ሰሙ እንደ ቂጣ ረግቶ ተገኘ፤ ከሥሩ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላዋ ፋቅነው። ንጹሑን ሰም በቆርቆሮ ጣሳ አድርገን፣ ጣሳውን በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጠን እንደገና አቀለጥነው። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ስለሚቀልጥ የውኃው ሙቀት ይበቃዋል። በቀጥታ በእሳት ላይ የተጣደ ሰም ግን ሊቀጣጠል ይችላል። ቢቀጣጠል በክዳን ማፈን እንጂ ውኃ መድፋት እሳቱን ያባብሰዋል።

ከዚያም የጥጥ ፈትል አክርረን ነከርን። የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም። ሰሙ እጅግ ግሎ ስለነበር እያንዳንዱ መንከር የቀድሞውን ልባስ አቀለጠው፤ ፈትሉም ሳይወፍር ቀረ። ይህን ያዩ የቤቱ እናት ስቀው፣ «ልጆቼ፣ ጧፍ ችኩል አይወድም» አሉን። በጣሳው ዳር ስስ ቆዳ መያዝ እስኪጀምር ድረስ እንድንታገሥ፣ ከአንዱ መንከር እስከ ሌላው ፈትሉን በነፋስ እንድናቀዘቅዘው፣ በመጨረሻም ገና ለብ እንዳለ በመዳፍ እንድናሸው አሳዩን። ሁለተኛው ጧፍ ቆመ፤ ነገር ግን ፈትሉ ቀጭን ስለነበር ነበልባሉ በቀለጠው ሰም ተጥለቅልቆ ጠፋ። ሦስተኛው በራ። ማይክል ፋራዴይ በ1860 እና በ1861 (እ.ኤ.አ.) በለንደን ለወጣቶች ባቀረበው ዝነኛ ትምህርት እንዳስረዳው፣ ፈትሉ የቀለጠውን ሰም ወደ ላይ ይስባል፤ የሚነደውም ከሰሙ የሚወጣው ተን ነው። ስለዚህ የፈትሉ ውፍረት ከሰሙ ውፍረት ጋር መመጣጠን አለበት። የቤቱ እናት ይህን የሚያውቁት በጣታቸው ነው።

ከሙከራው የተማርነው ዋና ነገር የሰሙን ውድነት ነው። ከባህላዊ ቀፎ ከሚቆረጥ 10 ኪሎ ግራም ያልተጣራ ማር የሚገኘው ሰም ቢበዛ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንድ ቀፎ ብቻ ያለውና ማሩን ከነእንጀራው የሚበላ ቤተሰብ ለጧፍ የሚበቃ ሰም በቀላሉ አያጠራቅምም። ሰም የሚጠራቀመው ብዙ ማር በአንድ ጋን በሚጠመቅበት ቤት ነው። ስለሆነም የጧፍን ታሪክ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ማሩ ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ ይገባዋል።

ሐድያ ከሰሜኑ የክርስቲያን መንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት ጥንታዊ ነው። የሐድያ ገራድ ልጅ የነበረችው ንግሥት እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ባለቤት ሆነች፤ ኋላም በዐፄ ልብነ ድንግል የልጅነት ዘመን መንግሥቱን በሞግዚትነት መራች። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች እርሷ ናት። በ1520 (እ.ኤ.አ.) ምጽዋ ከደረሱት የፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም፣ በሌሊት ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲጠሩ በግራና በቀኝ የተሰለፉ ሰዎች የበራ ሻማ ይዘው እንዳያቸው ጽፏል። ያን ያህል የሰም ብርሃን የቤተ መንግሥት ክብር ምልክት ነበር። በዚያው ዘመን በእንሰት ተክል በተከበበው የገበሬ ጎጆ የማታው ብርሃን ከምድጃው እሳት ይገኝ እንደ ነበር እንገምታለን።

የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ይህን አገር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከያዘ በኋላ ሁለቱ ብርሃኖች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቀድሞ ዋቸሞ ይባል የነበረው ሥፍራ፣ ደጃዝማች (ኋላ ራስ) አባተ ቧያለው ከምባታን በሚገዙበት ጊዜ መቀመጫቸው ሆኖ፣ በክርስቲያኖች በዓል ስም ሆሳዕና ተባለ። ከተማው የወታደር፣ የሹምና የቤተ ክርስቲያን ሰፈር ሆነ። በደቡብ ክፍላተ ሀገር ገባሩ ከጉልበቱና ከእህሉ በተጨማሪ ማር በጉንዶ ይገብር ነበር። ማሩ ከመንደር ወደ ሹሙ ግብር ቤት ሲሄድ ሰሙም አብሮት መሄዱ ግልጽ ነው። ጠጁ በግብር ቤት ተጠጣ፤ ሰፈፉ ቀልጦ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሆነ፤ የቀረውም ለነጋዴ ተሸጠ። ሰም በዚያ ዘመን ከቡናና ከቆዳ ጋር ከአገራችን ዋና ዋና የውጭ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ነበርና። በዚህም ምክንያት ንቡን ያረባው ገበሬ ከጨለማ ሳይወጣ፣ ጧፍ የመሥራት ዕውቀት ጠጅ በሚጥሉና ጥጥ በሚፈትሉ የከተማ ሴቶች እጅ እንደ ቆየ እናምናለን።

በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች ግብሩ በገንዘብ እንዲከፈል ስላደረጉ፣ ማሩ ለገበሬው ቀረ፤ ወደ ገበያም ወጣ። ይሁን እንጂ ሰሙ ዋጋ ባገኘበት ጊዜ ተወዳዳሪ መጣበት። ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ፓራፊን በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በአውሮፓ በብዛት መሠራት ከጀመረ ወዲህ የሻማ ዋጋ ረክሷል። ኩራዝና የፋብሪካ ሻማ፣ ኋላም የኤሌክትሪክ መብራት፣ የቤቱን ጧፍ ከዕለት አገልግሎት አስወጥተው ለጸሎትና ለስለት ብቻ አስቀሩት።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ለውጥ እየመጣ ነው። በዘመናዊ ቀፎ ማሩ በመሣሪያ ተጣርቶ እንጀራው ወደ ቀፎው ስለሚመለስ የማሩ መጠን ይጨምራል፤ ሰሙ ግን ከማሩ ከ100 እጅ ወደ 1 ወይም 2 እጅ ዝቅ ይላል። ይህ ለገበሬው ጥቅም ስለሆነ የምንቃወመው አይደለም። ነገር ግን ዘመናዊ ቀፎ የሚያድሉ ሠራተኞች የሚቆረጠውን ሰም አጠራቅሞ ማንጠርንም ቢያስተምሩ፣ ቀድሞ ወደ ግብር ቤት ይሄድ የነበረው ሀብት በአርቢው ቤት ይቀራል። እኛም ተማሪዎች በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ያሉትን ባለሙያ እናቶች በጊዜ ልንጠይቃቸውና ቃላቸውን ልንመዘግብ ይገባናል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በቤተ መንግሥት የበራውን ሻማ ያስታውሳል፤ ፈትሉን ያከረረችውን ሴት ስም ግን አልጻፈልንም።