ሁለት የሲጋራ ፓኮዎች
ካርቶንና ስስ የብር ወረቀት

በቀኝ ያለው ሕጋዊው ፓኮ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የፊቱንና የጀርባውን 70 በመቶ የጤና ማስጠንቀቂያ ሥዕል ሸፍኖታል። በግራ ያለው የኮንትሮባንድ ነው፤ ሥዕሉ የለበትም፣ ታክስም አልተከፈለበትም።

ኮንትሮባንዱ የቆየ መንገድ አለው፤ አዲጋላ በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል ያለች የባቡር ጣቢያ ናት። በአሮጌው ባቡር ዘመን የኮንትሮባንድ ዕቃ በዚህ መስመር በሰፊው ይገባ ነበር። ዛሬም የጉምሩክ ኮሚሽን የጅግጅጋና የድሬዳዋ ቅርንጫፎች ከሚይዟቸው ዕቃዎች አንዱ ሲጋራ ነው።

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በዚያም ላይ በ20 ፍሬው ፓኮ 8 ብር ጥሏል። የግራው ፓኮ የረከሰው ከዚህ ሁሉ ስላመለጠ ነው። ርካሽነቱ በቅድሚያ የሚጎዳው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲጋራ እንዳይሸጥለት የከለከለውን፣ ከ21 ዓመት በታች ያለውን ወጣት ነው። ስለዚህ የጉምሩክ ኬላ ፍተሻን እኛ የጤና ሥራ እንለዋለን።