ከብራና እስከ አውሮፕላን፦ የቆዳ ነገር በቢቸናና በሞጣ

ለመሆኑ «ቆዳ» ስንል ምን ማለታችን ነው? የሕክምና ሰዎች ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ሰፊው እርሱ ነው ይሉናል፤ የአንድ ጎልማሳ ቆዳ ቢዘረጋ ወደ ሁለት ካሬ ሜትር ይጠጋል። አማርኛ ተናጋሪው ግን ስለ ሰው ሲያወራ ይህን ቃል በቀላሉ አያወጣውም። ሲታጠብ «ገላዬን ታጠብኩ» ይላል እንጂ ቆዳዬን አይልም። መልክ ሲነግርም ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብሎ ያልፋል። በቆዳ ላይ የሚታየውን ያን ክፉ በሽታ እንኳ «ሥጋ ደዌ» ብሎ ለሥጋ ሰጥቶታል። ቆዳ የከብት ነው። ወደ ሰው የሚዞረው ሲከፋ ነው፤ ይልቁንም «ገፈፈ» በሚለው ግሥ በኩል። የታረደ በሬ ይገፈፋል፤ ገባርም ይገፈፋል። ቢቸናና ሞጣ በታሪክ ስማቸው የተነሣበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ሁለተኛው መገፈፍ ነው፤ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከፊተኛው እንጀምር።

በምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ቤት ቆዳ ያልገባበት ሥራ አልነበረም። ሕፃኑ በአንቀልባ ይታዘላል። እንግዳ ሲመጣ ቁርበት ይነጠፋል፤ ከበድ ላለው እንግዳ ደግሞ አጎዛ ይጨመራል። እህሉ በአቅማዳና በስልቻ ይጓዛል፤ አልጋው በጠፍር ይታታል፤ ሞፈርና ቀንበር በምራን ይያያዛሉ። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ውሻ እየተከላከለ ደጃፍ ለደጃፍ ይዞራል። ከዓባይ የሚወጣው የጉማሬ ቆዳ ለሁለት ተቃራኒ ነገር ያገለግል ነበር፦ ጋሻም ይሆናል፣ አለንጋም ይሆናል። አለንጋው እንዲያውም ራሱ «ጉማሬ» ተብሎ ይጠራል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለው ተረት የሚያስቀው፣ ጅብ በቁርበቱ ላይ ተቀምጦ ብቻ እንደማይነሣ ሰሚው ሁሉ ስለሚያውቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከበረው ብራና ነው። ለቢቸና የሚቀርቡት ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ፣ በሞጣ በኩል ያለችው መርጡለ ማርያም፣ ሁሉም የመጻሕፍትና የትምህርት ደብሮች ናቸው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም በዛብህን ወደ ዲማ ልከውታል። የብራናው አሠራር ይታወቃል። የፍየሉ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ተወጥሮ በጠፍር ይታሰራል፤ ከሥጋው ወገን ያለው ስብና ሥጋ በስለት ይፋቃል፤ በድንጋይ ይታሻል፤ ይደርቃል፤ ከዚያ ጠጉሩ ይነሣል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የፍየሉ ቁጥር አሥርና ሃያ ብቻ አይደለም፤ መንጋ ነው።

እንግዲህ አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ይህችን «መፋቅ» የምትለዋን ቃል ነው። ብራና የሚያዘጋጀው ሰው ቆዳ ይፍቃል። ጫማና ስልቻ የሚያደርገውም ቆዳ ይፍቃል። ፊተኛው ደብተራ ወይም መነኩሴ ነውና ይመረቃል፤ ኋለኛው ግን «ፋቂ» ተብሎ ይሰደባል፤ ልጁን አይድሩለትም፣ አብዛኛውን ጊዜም ርስት የለውም። በሥራው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው ቢሉ፣ ብራናው ተወጥሮ ይደርቃል እንጂ አይለፋም፤ የፋቂው ቆዳ ግን በእምቧይ ፍሬና በመሳሰለው እየታሸ ይለፋል። ልዩነቱ የእምቧይ ያህል ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ዘለቀ። ያ የተሰደበ ሰው ባያለፋው ኖሮ የመጽሐፉ ማኅደር ከየት ይመጣ ነበር? ይህን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አልተገኘም።

አሁን ደግሞ ወደ ሰማይ ቀና እንበል። የፈረንጅ መሐንዲሶች የአውሮፕላንን ልባስ «ቆዳ» ይሉታል፤ አባባላቸውም ትክክል ነው። በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ የፈረንሳዩ ፖቴዝ 25፣ በእንጨት አጥንት ላይ ሸራ የለበሰ ነበር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የመጣው የጀርመኑ ዩንከርስ ግን እንደ ቤት ቆርቆሮ የተሸነሸነ የብረት ቆዳ ነበረው፤ ብረቱም ዱራሉሚን የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ሸራው ልብስ ብቻ ነበር፤ ንፋስ ይከላከላል እንጂ ሸክም አይሸከምም። ኋላ የመጡት የብረት አውሮፕላኖች ግን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በሚወፍር ቆዳቸው የአካላቸውን ሸክም ይጋራሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸው ዳኮታዎች እንደዚያ ናቸው። ሞጣም በዓለም የአየር ማረፊያዎች መዝገብ «ኦ ቲ ኤ» የሚል የራሷ መለያ ያላት ከተማ ነች። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አየር መንገዱ የተረከበው ድሪምላይነር ደግሞ ቆዳው ከካርቦን ክር የተሠራ ነውና፣ ነገሩ ዞሮ ወደ ሽመና ሊመለስ ምንም አልቀረው።

የኢትዮጵያ ገበሬ አውሮፕላንን የተዋወቀው ግን በተሳፋሪነት አይደለም። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ጦር ግንባር የጣልያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡ። ይህ መርዝ ገላን የሚያቃጥልና የሚያሳብጥ ነው፤ ባዶ እግሩን ለሚዘምት ሠራዊት ጋሻ የማይመልሰው ነገር ሆነ። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር የተናገሩት ይህንኑ ነበር። ቀጥሎ ባሉት የወረራ ዓመታት በላይ ዘለቀ ይዋጋበት የነበረው የቢቸና አገርም የጠላትን አውሮፕላን በራሱ ሰማይ ላይ አይቶታል።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ሕጉን የሚያትምበት ወረቀት በ1934 ዓ.ም. «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ነጋሪት ማለት እንግዲህ ቆዳ ነው። የንጉሥ ቃል በተወጠረ ቆዳ ተጎስሞ ለሕዝብ ይሰማ ነበርና ስሙ ወደ ወረቀት ተሻገረ። ወረቀት ግን አይጮኽም። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ጎጃም ሲደርስ ገበሬው የሰማው አዋጁ ከሚለው ሌላ ነበር። በአዋጁ ግብሩ በምርት ላይ ነው። ገበሬው ግን ገማቾች ወደ ማሳው ሲገቡ ያየው ቀላዱን ነው፤ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው አለ። አላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን አልልም። ቀላድ የተጣለበት የደቡብ ገበሬ ምን እንደደረሰበት በአገሩ ሁሉ ይታወቅ ነበር። ጎጃም ከዚያ በፊትም በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በግብር ምክንያት ተነሥቶ ያውቃል።

ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት የአመፁ እምብርት ሆኑ። ገበሬዎቹ ገማቾቹን አባረሩ፤ ግብር አንከፍልም፣ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ይነሡልን አሉ። መንግሥት ሽማግሌም ላከ፣ ጦርም ላከ። በክረምቱም የገዛ አገራቸው አየር ኃይል በሞጣና በቢቸና መንደሮች ላይ ቦምብ ጣለ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ስለ አውሮፕላን ግፍ ጄኔቭ ላይ የተናገሩት ንጉሠ ነገሥት ዙፋኑ ላይ ነበሩ። ከታች ያለው ሰው ደበሎና በርኖስ የለበሰ፣ በቁርበት ላይ የሚተኛ ነው። ከላይ የመጣው ደግሞ የአሉሚኒየም ቆዳ የለበሰ ነው፤ አብራሪውም በማሳው ላይ ማን እንደቆመ፣ አራሹ ይሁን ቄሱ፣ ለይቶ ሊያይ አይችልም።

ቦምቡ ግን ግብሩን አላስከፈለም። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በተከታዩ ዓመት ለብዙ ዓመታት የተከማቸውን የግብር ውዝፍ ማሩ። ገማቾቹ ወደ ማሳው አልተመለሱም፤ ቀላዱም ዓባይን ሳይሻገር ቀረ። ርስት ራሱ የቀረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ባደረገበት አዋጅ ነው፤ እርሱም የታተመው በዚያው በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነበር።