ከጓዳ የሚሠራ ትእዛዝ፦ «ሼል»፣ «ባክግራውንድ» እና «ፓራለል» ስለተባሉት ቃላት ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም አባል በነበርንበት አንድ የስያሜ ኮሚቴ ውስጥ «ፓራለል» የተባለው የኮምፕዩተር ቃል «ትይዩ» ተብሎ እንዲተረጐም ሐሳብ ሲቀርብ የተቃወመ ሰው አልነበረም። እኛም እጃችንን አውጥተን ደግፈናል። ቃሉ በሒሳብ ትምህርት የተለመደ፣ ለጆሮም የሚስማማ ነበርና ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ተዘጋ። ውሎ አድሮ ግን ቃሉ የሥልጠና መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ሲሠራበት ያስከተለውን ስሕተት በዓይናችን አየን። ስሕተቱን ለማስረዳት ቃላቱ የተወለዱበትን ታሪክ ማስቀደም ግድ ይሆናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1950ዎቹ ዓመታት ኮምፕዩተርን ማሠራት ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ከማስገባት ብዙም አይለይም ነበር። ባለጉዳዩ ሥራውን በካርድ አስበስቶ ያስረክባል፤ ተራው ደርሶ ውጤቱ እስኪወጣ ሰዓታት ይጠብቃል፤ አንዲት ነጥብ ተሳስታ ከተገኘች እንደገና ይሰለፋል። በኅዳር 1961 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በተሻሻለ አይ.ቢ.ኤም. 709 ላይ ያሳዩት ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ ሥርዓት ይህን ልማድ ለወጠው። ብዙ ሰዎች በየጽሕፈት መኪናቸው ተቀምጠው ትእዛዝ ይጽፋሉ፤ አንዱ ማሽን በየተራ እየተመላለሰ ለሁሉም ይመልሳል። መኪናው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሥራ «ፎርግራውንድ»፣ በትርፍ ጊዜ የሚሠራው የካርድ ሥራ ደግሞ «ባክግራውንድ» ተባለ። እንግዲህ «ባክግራውንድ» በመጀመሪያ ትርጉሙ ሰው ፈልጎ ወደ ኋላ የላከውን ሥራ ሳይሆን የአሮጌውን ሥርዓት ቅሪት ነበር የሚያመለክተው።

በዚሁ ተቋም ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን የተደጋገሙ ትእዛዞችን በአንድ ፋይል አስቀምጦ በአንድ ስም ለመጥራት የሚያስችል «ራንኮም» የተሰኘ ፕሮግራም ሠራ። የዚህ ስም ሁለት ፊደላት ዛሬም በብዙ የማስጀመሪያ ፋይሎች ስም መጨረሻ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ፤ የሚጽፏቸው ወጣቶች ከየት እንደመጡ የሚያውቁ አይመስለንም። ፑዛን በ1965 ለመልቲክስ ሥርዓት በጻፈው ሰነድ ትእዛዝ ተቀብሎ ሌሎችን ፕሮግራሞች የሚጠራውን መሣሪያ «ሼል» አለው። በአማርኛ ይህን ቃል «ዛጎል» ያሉ አሉ፤ እኛ «ቅርፊት» እንመርጣለን። ምክንያታችንም «ከርነል» ለተባለው የውስጥ ክፍል «አስኳል» የሚለው ስም ስለሚስማማና ሁለቱ ከአንድ እንቁላል ስለሚገኙ ነው። ዛጎል አስኳል የለውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያደርሰን «ፎርክ» ነው። ሜልቪን ኮንዌይ በ1963 ባሳተመው ጥናት የአንድ ፕሮግራም ጉዞ በአንድ ቦታ ለሁለት ሲከፈል «ፎርክ»፣ ተመልሶ ሲጋጠም «ጆይን» ብሎታል። በእኛ አገር የመንገድ አነጋገር «መገንጠያ» እና «መገናኛ» ቢባሉ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ማብራሪያ የሚያሻው አይሆንም፤ «ሹካ» ብሎ የተረጐመው ሰው ግን የእንግሊዝኛውን ጠረጴዛ እንጂ መንገዱን አላየም። የዩኒክስ መሥራቾች ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ ይህን ሐሳብ ወደ ራሳቸው ሥርዓት አስገቡት። ሪቺ በኋላ እንደተረከው፣ በፒ.ዲ.ፒ. 7 ላይ ፎርክ የጠየቀው 27 የአሴምብሊ መስመር ብቻ ነበር። ቅርፊቱ ራሱን አባዝቶ ልጅ ይወልዳል፤ ልጁ የታዘዘውን ፕሮግራም ይሠራል፤ ወላጁ ልጁ እስኪጨርስ ይቆያል። ከዚያ ወዲያ ትእዛዝን ከኋላ ለማሠራት አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለገም፦ ወላጁ ልጁን መጠበቁን መተው ብቻ በቃ።

ለዚህ የተመረጠው ምልክት የላቲኑ «ኤት» ሁለት ፊደላት ተጋጥመው የወለዱት አምፐርሳንድ ነው፤ ትርጉሙም «እና» ነው። ምልክቱ የሚቀመጠው በትእዛዙ መጨረሻ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሩ የተንጠለጠለ ይመስላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ከግሥ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ «ና» እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። «ጻፍና ላክ» ስንል መጀመሪያ መጻፉ፣ ቀጥሎ መላኩ ነው የሚገባን፤ አምፐርሳንዱ የሚለው ግን «እሱ እየጻፈ አንተ ሌላ እዘዝ» ነው። ሁለቱን ትእዛዞች በቅደም ተከተል የሚያያይዘው ነጠላ ሰረዝ መሰል ምልክት «ጽፎ ላከ» ከሚለው ቦዝ አንቀጽ ጋር ሲመሳሰል፣ አምፐርሳንድ የሚመሳሰለው ከ«እየ» ጋር ነው። ቋንቋችን ልዩነቱን በግሡ ቅርጽ አስቀምጦልን ሳለ ተርጓሚዎች በስም ብቻ ሲፈልጉት መኖራቸው ያስገርማል።

በቀድሞው የቶምፕሰን ቅርፊት ወደ ኋላ የሄደ ሥራን ወደ ፊት መመለስ አይቻልም ነበር። በኦስትሪያ ላክሰንቡርግ ባለው የሥርዓት ትንተና ዓለም አቀፍ ተቋም ጂም ኩልፕ ይህን የሚያስችለውን ዘዴ መጀመሪያ ሠራ፤ በ1980ዎቹ መባቻም ቢል ጆይ በጻፈው ሲ ሼል በኩል ተስፋፋ። ሥራን ማቆም፣ ወደ ኋላ መላክ፣ መልሶ ማምጣት ተቻለ። ለዚህ «የጓዳ ሥራ» የሚለውን ስም እንደግፋለን። በጓዳ የሚሠራውን እንግዳው አያየውም፤ ባለቤቲቱ ግን በፈለገች ጊዜ ወደ ሳሎን ታወጣዋለች፤ አንዳንዴም የጓዳው ድምፅ ሳሎን ድረስ ይሰማል። የጓዳ ፕሮግራምም ካልከለከሉት በተጠቃሚው ጽሑፍ መካከል የራሱን ይጽፋል።

አሁን ወደ «ትይዩ» እንመለስ። በፒ.ዲ.ፒ. ዘመን አንድ ማሽን አንድ አስሊ ብቻ ስለነበረው የጓዳው ሥራና የሳሎኑ ሥራ በአንድ ቅጽበት አይሠሩም ነበር፤ ይፈራረቁ ነበር እንጂ። ዛሬ ባለ ብዙ ኮር አስሊዎች ስለተለመዱ ያው ምልክት በእውነት ጎን ለጎን ያሠራል። ምልክቱ አልተለወጠም፤ የሚያመለክተው ነገር ተለወጠ። እኛ ግን «ተፈራራቂ» እና «ጎን ለጎን» የሚባሉትን ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል ጠቀለልናቸው። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ትይዩ መስመሮች እስከ ዘላለም አይገናኙም፤ ጎን ለጎን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ግን መገናኛ ከሌላቸው ሥራቸው ከንቱ ነው። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ወላጁ ሳይቀበለው ሲቀር «ዞምቢ» የሚባለው እንኳ ለዚህ ነው።

በጠቀስነው የሥልጠና መጽሐፍ «ዌይት» የተባለው ትእዛዝ «ጠብቅ» ተብሎ ተተርጕሞ ነበር። አንድ ሠልጣኝ አራት ፋይሎችን በአራት የጓዳ ትእዛዞች እያጣራ ውጤቱን በአንድ ፋይል ሊያጠቃልል ነበርና ይህን ትእዛዝ ዘለለው። ሲጠየቅ፣ «ጠብቅ» ማለት ፋይሎቹን ከጥፋት መጠበቅ፣ ማለትም ዘብ ማቆም መስሎት ነበር፤ ሥራዎቹ ትይዩ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበት ምክንያትም አልታየውም። ማጠቃለያው ገና ያላለቁትን ፋይሎች አነበበ። ማሽኑ ስሕተት አላለም፤ የወጣው ሰንጠረዥም ሙሉ ይመስል ነበር፤ ጉድለቱ የታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሰው ድምሩን በእጁ ሲያስተያይ ነው። ሠልጣኙ ቃላቱን ያነበበው በአማርኛ ትርጉማቸው ስለነበር ልንወቅሰው አልቻልንም።

ስለዚህ ለ«ፓራለል» «ጎን ለጎን»፣ አንዱ አስሊ ለሚያፈራርቃቸው ሥራዎች «ተፈራራቂ»፣ ለ«ዌይት» ደግሞ «እስኪያልቅ ቆይ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። የመጨረሻው ረዘም ማለቱ ይታወቀናል፤ አጭር ሆኖ ዘብን የማያስታውስ ቃል ያገኘ ተርጓሚ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።