ስኳር ሳይመጣ በፊት፦ ዳቦ ቆሎና የልጆቻችን መክሰስ

የዚህ ወር የታሪክ ጽሑፋችን ስለ ነገሥታት ሳይሆን ልጆቻችሁ ለእረፍት ሰዓት ይዘውት ስለሚመጡት መክሰስ ነው። «ልጄ ጣፋጭ ካልሆነ አይበላም፣ ምን ላድርግ?» የምትሉን ብዙ ናችሁ።

ስኳር በኛ ቤት የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። ሸንኮራ አገዳ ድሮም ነበር፤ ልጅ እየላጠ ይመጠዋል። የተጣራ ስኳር ግን ከውጭ የሚገባ ውድ ዕቃ ነበር። ጣፋጭ ሲባል ማር ነው። ማሩም ቢሆን ከገበሬው እጅ በግብር እየወጣ ወደ መኳንንቱ የጠጅ ጋን ስለሚሄድ፣ ዝም ብሎ በየቀኑ የሚላስ አልነበረም። ቡና እንኳ በብዙ አካባቢ በጨው ነበር የሚጠጣው፤ ዛሬም እንደዚያ የሚጠጡ አሉ።

ነገሩን የለወጠው ወንጂ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ፣ በኢንዶኔዥያ የስኳር ሥራ የለመደ፣ አዋሽ ዳር አገዳ ተክሎ በ1954 (በኛ 1946 ዓ.ም.) ፋብሪካውን ሥራ አስጀመረ። ከዚያ ሸዋ፣ ቀጥሎ መተሐራ ተጨመሩ። በደርግ ጊዜ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ሲታደል የተሰለፉ አያቶች እዚሁ ከኛ ጋር አሉ፤ ልጆቹ ይጠይቋቸው። ያ ሁሉ ሰልፍ ስኳር ምን ያህል ቶሎ የግድ እንደሆነብን ያሳያል።

ዳቦ ቆሎ ግን መጀመሪያውኑ ስንቅ ነው። ነጋዴው፣ መንገደኛው፣ ዘማቹ ይይዘዋል፤ እርጥበት ስለሌለው ብዙ ቀን ሳይሻግት ይቆያል። ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ለወደደ በርበሬ። ፌርፋክስ ላይ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ የሚያቃጥል አለ፣ ስኳር የበዛበትም አለ። የኛ ምግብ ስለሆነ ብቻ ጤናማ ነው ማለት አይደለምና ጀርባውን አንብቡ።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም አለው። ማርም ከዚሁ ይቆጠራል፤ «ማር እኮ ነው» ብሎ ማፍሰስ አያዋጣም።

እኛ ቤት የምንሠራው እንዲህ ነው። 2 ኩባያ ዱቄት፣ ግማሹ ያልተጣራ ስንዴ። ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ትንሽ ጨው፣ ከተገኘ የተፈጨ ኮረሪማ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር። በማሩ የሚገባው ስኳር ለሙሉው ሊጥ ወደ 34 ግራም ነው፤ ከአንዷ ጣሳ ያንሳል፣ ያውም ለብዙ ልጅ የሚካፈል። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፣ ሊጡ ጠንከር ይበል። እንደ ገመድ አድበልብሉት፣ በጥፍር ልክ ቆራርጡት፣ ኦቭን በ350 ፋራናይት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፤ መሀል ላይ አንዴ አገላብጡት። ሲቀዘቅዝ ነው የሚንኮሻኮሸው፣ ገና ለስላሳ ነው ብላችሁ አታሳርሩት።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ «አይጣፍጥም» ይላሉ። 3 ማንኪያ ማር ጀምሩና በየሳምንቱ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። ሊጡን ማድበልበሉን ለነሱ ተዉላቸው። ከመቆረጡ በፊት በገመዱ ሀ፣ ለ፣ ሐ ይሥሩበት፤ «ሐ» ሦስት እግር ስላላት ታስቸግራለች። በጣም ለትንንሾቹ ግን ስለሚጠነክር አትስጧቸው። ወደ ክፍል ስትልኩ ደግሞ ኦቾሎኒ አትቀላቅሉበት፤ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ።