ቢሊሩቢን የሚሠራው የት ነው? ለፊርኾ ጥንታዊ ምልከታ የቀረበ ሙግት

ቢሊሩቢን ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ከሄም የሚገኝ ቢጫ የሐሞት ቀለም ነው። ሄም በኢንዛይሞች አማካይነት መጀመሪያ ወደ አረንጓዴው ቢሊቨርዲን፣ ቀጥሎም ወደ ቢሊሩቢን እንደሚለወጥ ዛሬ የሚጠራጠር የለም። አከራካሪው የቀለሙ መሥሪያ ቦታ ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ማን ነው በሚለው ላይ የተለመደውን ትረካ አልቀበልም።

ሩዶልፍ ፊርኾ በ1847 እ.ኤ.አ. ደም ፈስሶ በቆየባቸው የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ሄማቶይዲን ብሎ የጠራቸውን ቀይ ብርቱካናማ ክሪስታሎች አገኘ፤ ከሐሞት ቀለም ጋር እንደሚመሳሰሉም አስተዋለ። ክሪስታሎቹ በተገኙበት ሥፍራ ጉበት አልነበረም። ለእኔ ጥያቄው በመሠረቱ የተመለሰው እዚህ ላይ ነው።

በ1886 ግን ናውኒንና ሚንኮቭስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ጉበታቸው የወጣና ያልወጣ ዝይዎችን ደም በሚያፈርሰው የአርሲን ጋዝ መረዙ። ጉበት ያላቸው ዝይዎች ብዙ የሐሞት ቀለም ሲያስወግዱ ጉበት አልባዎቹ ከኢምንት በላይ አላስወገዱም። ተመራማሪዎቹም ያለ ጉበት የሐሞት ቀለም አይሠራም ብለው ደመደሙ፤ ድምዳሜውም ለአሥርት ዓመታት ገዢ ሆነ።

ሙከራው ትክክል፣ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር። አንደኛ፣ ማክኒ በ1913 እንዳሳየው፣ በዝይ ውስጥ ቀይ የደም ሴሎችን የሚውጡት ሴሎች በአብዛኛው የተከማቹት በጉበት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉበቱ ሲወጣ እነዚህም አብረው ወጡ፤ ጥፋቱ ግን ለጉበት ሴሎች ተቆጠረ። ሁለተኛ፣ የአዕዋፍ ዋና የሐሞት ቀለም ቢሊቨርዲን ነው። ስለ ሰው ቢሊሩቢን ዝይን ምስክር መጥራት መነሻውም ደካማ ነበር። ሦስተኛ፣ በ1920ዎቹ ማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የውሾችን ጉበት ሙሉ በሙሉ ሲያወጡ ቢሊሩቢን በደማቸው ውስጥ መጨመሩን ቀጠለ።

ፊርኾ የሄማቶይዲንንና የቢሊሩቢንን አንድነት አላረጋገጠም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሃንስ ፊሸር በ1923 ሄማቶይዲን ራሱ ቢሊሩቢን መሆኑን ስላሳየ ተቃውሞው ክብደት የለውም።

በእርግጥ የጉበትን ድርሻ ማሳነስ አይገባም፤ ቢሊሩቢንን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አጣምሮ ወደ ሐሞት የሚያስወጣው እሱ ነው። ማስወገድ ግን መሥራት አይደለም። በዋናነት ቀለሙ የሚሠራው በጣፊያ፣ በመቅኔና በጉበት ባሉ ደም ዋጭ ሴሎች ውስጥ ነው። የሕክምና መምህራን የዚህን ግኝት ታሪክ ከ1847 ቢጀምሩት ተገቢ ነው፤ ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያፈርስ ተማሪዎቻቸውም ዓይኑ ቢጫ የሆነ የወባ ሕመምተኛ ሲገጥማቸው ከጉበቱ ጋር ደሙንም ይመርምሩ።